ጎማው አዲስ ነው? ጥርሱን ሳይሆን ጎኑን አንብቡ

በሞተር ሳይክል ጎማ ንግድ «የውድድር ነው» የሚለው ቃል ብዙ ያሸጣል። ሻጩ ይህን ካለ በኋላ ገዢው ብዙም አይከራከርም። ይሁንና በውድድር መም ላይ የሚያሸንፍ ጎማ በከተማ አስፋልት ላይም ያሸንፋል ማለት አይደለም።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። የውድድር ጎማ ገና ከመነሻው በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይሞቃል፤ ካልሞቀ መሬት አይዝም። በሞቶ ጂፒ ውድድር ሚሽሊን የጎማ አቅራቢነቱን ከብሪጅስቶን ሲረከብ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በቫሌንሲያ በተደረገው ሙከራ ብዙ ተወዳዳሪዎች ወድቀዋል። ሰዎቹ የዓለም ምርጦች ናቸው፤ የተለወጠው የፊት ጎማው ጠባይ ነበር። እነርሱን የጣለ ለውጥ በክረምት ማለዳ ከመጋዘን የወጣ ጎማ አስገጥሞ ወደ ሥራ የሚሮጠውን ሞተረኛ አይምረውም።

ከውድድር የተገኘ ጥቅም የለም አንልም። መካከሉ ጠንካራ፣ ዳርና ዳሩ ለስላሳ ሆኖ የሚሠራው ጎማ ከዚያ የመጣ ነው፤ ቀጥታ ሲሄድ ቶሎ አያልቅም፣ ሲታጠፍ ይይዛል። ሲሊካ የተቀላቀለበት ላስቲክም በዝናብ ጊዜ ይረዳል። ግን የትኛውም አዲስ ጎማ ቢሆን ገጹ እስኪሻክር ያንሸራትታል። ለመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ማሽከርከርና ኩርባ ላይ አለመድፈር ያስፈልጋል። ይህን ለደንበኛው የሚናገር ሻጭ ስንት ነው?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አስመጪው በርካሽ የሚገኝ የቆየ ክምችት ቢያማትር አይደንቅም። ገዢው ደግሞ የጎማውን ጥርስና ገና ያልረገፉትን የላስቲክ ፀጉሮች አይቶ «አዲስ ነው» ይላል። ፀጉር ዕድሜ አይናገርም። ያልተነዳ ጎማም በመጋዘን ውስጥ ይደርቃል።

ዕድሜውን የሚናገረው በጎማው ጎን የታተመው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ የሚመስል ወጥመድ አለ። 1216 የሚል ጎማ የተመረተው በ2016 እ.ኤ.አ. 12ኛ ሳምንት ነው። በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ሰው ግን 2016 ዓ.ም. መስሎት ስምንት ዓመት ያህል ወጣት የሆነ ጎማ የገዛ ይመስለዋል። ሻጩ ዝም ካለ ዝምታው ዋጋ አለው።

ሌላው የጭነት ቁጥር ነው። ለምሳሌ 42P የሚል ምልክት ጎማው እስከ 150 ኪሎ ግራም፣ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው፤ 47 ከሆነ 175 ኪሎ ግራም ነው። ከኋላ አንድ ኩንታል ለሚጭን ሞተረኛ ከፍጥነቱ ፊደል ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጥበታል። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር የሚፈቅደውን W የተባለ ጎማ በኮብልስቶን ላይ ምን ያደርግለታል? ንፋስ መቀነሱም እንዲሁ ነው። በመም ላይ ይደረጋል፤ በተጫነ ሞተር ላይ ግን የጎማውን ጎን እያጠፈ ያሞቀዋል፣ ይቀደዳል። ይህን ጎሚስታው ከአስመጪው በተሻለ ያውቃል።

ስለዚህ አስመጪዎች ቢያንስ በደረሰኙ ላይ የምርቱን ሳምንትና ዓመት፣ አቆጣጠሩንም ጭምር ቢጽፉ ምን ይከብዳቸዋል? የቆየውን ጎማ የቆየ ብሎ በቅናሽ መሸጥ ነውር አይደለም። ቸርቻሪውም ሲረከብ ጎኑን ያንብብ፤ ደንበኛው ቁጥሩን ማንበብ የለመደ ዕለት የቆየው ክምችት የሚቀረው በእርሱ መደርደሪያ ላይ ነው።