ለውጤት ገጽ ሠሪዎች፦ አንዴ የተነበበው ለምን አይቀመጥም?

ይህ ግልጽ ደብዳቤ የፈተና ውጤት የሚታይባቸውን ድረ ገጾች ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። ጸሐፊውም ከዚያው ሙያ ነው። ያስቆጣው ከዋግ ኽምራዋ ሰሃላ የተደወለለት ስልክ ነው። የእህቱ ልጅ ኔትወርክ ፍለጋ ተረተር ላይ ወጥቶ የምዝገባ ቁጥሩን አስገባ፤ የመጣለት ግን ነጥቡ ሳይሆን «ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ» (ግንኙነት በዝቷል) የሚል የዳታቤዙ፣ የማይኤስኪውኤል፣ መልእክት ነበር።

ባለሙያዎቹ ውጤት የትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ እስኪለጠፍ የሚጠበቅበትን ዘመን አስቀርተዋል፤ ውጤት የሚነግረው የቴሌግራም ቦትም ጠቅሟል። ምስጋናው እዚህ ያበቃል።

ያንን የስህተት መልእክት ያውቁታል። ማይኤስኪውኤል እንደተጫነ ካልተነካ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 151 ግንኙነት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰዱት ደግሞ ከ845,000 በላይ ነበሩ። «ሰርቨር እናሳድጋለን» የሚለው መልስ ጸሐፊውን አሰልችቶታል። ከተለቀቀ በኋላ የማይለወጥ ነጥብ ለምን በየጠቅታው ከዳታቤዝ ይጠየቃል?

ገጾቹ የሚሠሩበት ፒኤችፒ አንዱን ጥያቄ መልሶ ሲጨርስ የያዘውን ሁሉ ከሜሞሪ ይጥላል። ስለዚህ ተማሪው ገጹ ዘግይቶበት ደግሞ ሲጫን ስሙ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የየትምህርቱ ነጥብ እንደ አዲስ ይፈለጋል። ዳታቤዙ በዘገየ ቁጥር የሚጫነው ይበዛል፤ በበዛ ቁጥር ይብስ ይዘገያል። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት የዋግ ኽምራ ልጅ ከሁሉም በላይ ይጎዳል።

ለአንድ ተማሪ 1 ኪሎባይት ቢመደብ የሁሉም ውጤት 1 ጊጋባይት አይሞላም። ተራ ላፕቶፕ ራም ውስጥ ይገባል። የተነበበን መረጃ ራም ውስጥ ከሚያቆዩት መሣሪያዎች ሜምካሽድ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሬዲስ በ2009 የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። እነሱም ቢቀሩ ከመልቀቂያው ሰዓት በፊት ለእያንዳንዱ የምዝገባ ቁጥር አንድ ትንሽ ፋይል ማዘጋጀት የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። በቅሬታ የታረመ ነጥብ ሲኖር የዚያን ተማሪ ፋይል ብቻ መተካት ይበቃል።

የውጭ ሰው ሲያማቸው የሚሟገትላቸው ጸሐፊው ነበር፤ አሁን ግን የሚሟገትበት አጥቷል። ጥፋቱ የእነሱ ብቻም አይደለም። ማሠልጠኛዎች የፒኤችፒ ማዕቀፉን ላራቬልን ሲያስተምሩ ከአንዲት መስመር ኮድ ጀርባ ስንት ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ) እንደሚሄድ አያሳዩም። ገጹ የሚሠራበት ጨረታም ስለ ገጹ ውበት እንጂ ስለ ጭነቱ አይጠይቅም።

ለሚቀጥለው ውጤት ጸሐፊው የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ሁሉም ነጥብ ቀድሞ ተነብቦ ይቀመጥ፤ ሙከራውም በቢሮ ዋይፋይ ብቻ ሳይሆን በሰሃላው ቀጭን ኔትወርክ ይደረግ።