ክረምቱን ጠበቃ ቢሮ የሚያሳልፉ ልጆቻችንን አናሸማቅቃቸው



ክረምት ገብቷል። ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ልጆቻችን ወደየቤታቸው ተመልሰዋል፤ የመስጂዱም ሶፍ በእነሱ ሞልቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ከመካከላቸው ሕግ የሚያጠኑ ሁለት ልጆች ክረምቱን ጠበቃ ቢሮ ሊሠሩ ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወንድሞች "ውሸት ሊማሩ ሄዱ" ሲሉ ሰማሁ። ይህን የምጽፈው እነሱን ልወቅስ አይደለም። ይህን ንግግር በሰፈራችን መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በዚህ ወቅት አንድ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ከዐስር በኋላ ቀረበኝና "ኡስታዝ፣ አንድ የጥብቅና ድርጅት ለሁለት ወር ሊቀበለኝ ነው። አባቴ ደግሞ ሱቅ አግዘኝ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?" አለኝ። እኔ የኢማሙ ረዳት እንደመሆኔ የክረምቱ የልጆች ቂርአት በኔ ላይ ነው፤ አስተማሪም ይጎድለኝ ነበር። "ጥብቅና ማለት ሐቁን ከባለሐቁ ነጥቆ ለከፈለ መስጠት ነው። ከወለድ ውል ጋር ስትውል ቀልብህ ይደርቃል። ይልቅ ልጆቹን አቅራልኝ" አልኩት። የራሴን ጉድለት በዲን ምክር ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ አላህ ይማረኝ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ አልሄደም። ክረምቱን ሙሉ ልጆች አቀራ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሁለት የጀመዓችን ሰዎች ተጣሉ። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበት አውጥተው ሱቅ ከፍተው ነበር። ሲስማሙ ከመግሪብ በኋላ መስጂድ ውስጥ፣ በቃል፣ በሁለት ምስክር ፊት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ እኔ ነኝ። ያኔ ዱዓ አደረግን፣ ተጨባበጡ፣ ተለያየን። አሁን ሠሪው "ትርፉ እኩል ነው" ይላል፤ ባለገንዘቡ "የአንተ ሲሶ ነው" ይላል። በኋላ የተጨመረውን ብር አንዱ "ብድር ነው" ሲል፣ ሌላው "የሱቁ ካፒታል ነው" ይላል። ወደ እኔ መጡ። ወላሂ አላስታወስኩም። ሁለተኛው ምስክር ውጭ አገር ሄዷል። ዓመታት ጎን ለጎን የሰገዱ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ አንደኛው ሌላ መስጂድ ይሰግዳል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቁርአን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ የቱ ናት? የሱረቱል በቀራ 282ኛዋ አያ ናት። የምትናገረውስ ስለ ምንድን ነው? ስለ ዕዳ ውል መጻፍ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰለች፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር እንድናቆም ታዛለች። ይህችን አያ በልጅነቴ ሐፍዣታለሁ፤ ለደረሳ አስተምራታለሁ። አፌ ላይ ነበረች፤ እጄ ላይ ግን አልነበረችም። ያን ልጅ ደግሞ ይህንኑ ሙያ ሊማር ሲሄድ መለስኩት።

ለመሆኑ የሕግ ተማሪ በክረምት ጠበቃ ቢሮ ምን ይሠራል? ብዙዎቻችን ችሎት ቆሞ የሚከራከር ይመስለናል። አይደለም። ፈቃድ የሌለው ሰው ለሌላ ጥብቅና አይቆምም። በዚያ ላይ ፍርድ ቤቶች በክረምት ለእረፍት በከፊል ይዘጋሉ፤ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ በተረኛ ችሎት ይታያል። ስለዚህ የተማሪው ውሎ ወረቀት ነው። የተዘጉ መዝገቦችን ያነባል፣ ሰነድ በቀን ቅደም ተከተል ያደራጃል፣ ይርጋ ያለፈበትንና ያላለፈበትን ይለያል፣ የክስ አቤቱታና መልስ ያረቅቃል፣ ጠበቃው በቀይ ሰርዞ ይመልስለታል። ውልና ማስረጃ ይላካል፣ መዝገብ ቤት ተሰልፎ ግልባጭ ያወጣል። በአንዲት ያልተብራራች ቃል ምክንያት ቤተሰብ ሲበተን በመዝገብ ላይ ያያል። ይህ ከመማሪያ መጽሐፍ አይገኝም። በፌዴራል ደረጃ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ በር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ተማሪም በአንድ ጣሪያ ሥር ከበርካታ ጠበቆች የሚማርበት ዕድል ሰፍቷል።

"ግን ጠበቃ ይዋሻል" ትሉኛላችሁ። የሚዋሽ አለ። የሚዋሽ ነጋዴም አለ፤ ንግድን ግን ሐራም አላልንም። ዲናችን በሙግት ጉዳይ ዝም አላለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከተሟጋቾች አንዱ አንደበቱ ከሌላው የሰላ ሊሆን እንደሚችል፣ እሳቸውም በሰሙት እንደሚፈርዱ፣ የወንድሙ ሐቅ በዚህ መንገድ የተፈረደለት ሰው የወሰደው የእሳት ቁራሽ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። በሱረቱ ኒሳእ 105ኛው አያ አላህ (ሱ.ወ) ለከዳተኞች ተከራካሪ እንዳይሆኑ ነቢዩን አዟል። ለከዳተኛ መቆም ከተከለከለ፣ ለተበዳይ መቆምስ ማን ይከለክለዋል? አንደበት የሌላት የቤት ሠራተኛ፣ ማንበብ የማይችል አባት፣ የቲም ልጅ ሐቃቸውን በማን አፍ ይጠይቁ?

እውነተኛ ፈተና የለም አልልም። አለ። ለምሳሌ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕጋዊ ወለድን በዓመት 9 በመቶ ብሎ ደንግጓል። ስለዚህ ያልተከፈለ ገንዘብ ሲጠየቅ አቤቱታው መጨረሻ ላይ "ከነሕጋዊ ወለዱ" የሚል ሐረግ መግባቱ የተለመደ ነው። ሙስሊም ተማሪ ይህን አርቅቅ ቢባል ምን ያድርግ? ፈትዋው የኔ አይደለም፤ የዑለማ ነው። ግን አስቡት፦ ልጁን አሸማቅቀን ካባረርነው ይህን ጥያቄ ለማን ያመጣዋል? ብቻውን ይወስናል። በራችን ክፍት ከሆነ ግን ለሸይኾቻችን ያቀርባል፤ እኛም ከኪታብ ያላየነውን የዘመኑን ውል ከእሱ እንማራለን።

ሌላም አለ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 እና 78 ዕውቅና ያላቸው፣ የፌዴራሎቹም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩ ናቸው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ወቅፍ ያያሉ። ነገር ግን ሥልጣናቸው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ሰው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲንከራተት አይተናል። ፈራኢድን ከኪታብ የተማረ አለን፤ ሥነ ሥርዓትን ከሕግ ትምህርት ቤት የተማረ አለን። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ግን ጥቂት ነው። ያ ሰው ከሰማይ አይወርድም፤ ከነዚህ ልጆች መካከል ነው የሚወጣው።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ለሁለት ወር ብር ይዞ ባይገባ አትቆጡት። የወደፊት ጉልበቱን እየገነባ ነው። ሴት ልጆቻችሁንም አትከልክሏቸው። የተበደለች እህት ጉዳይዋን ለወንድ መናገር ታፍራለች፤ ለእህቷ ግን ትናገራለች።

ተማሪዎች ሆይ! የቢሮው መዝገብ አማና ነው። የባለጉዳይ ምስጢር ለጓደኛ ጨዋታ አይሆንም፤ ስም ባትጠሩም እንኳ። ሶላታችሁን በሰዓቱ ስገዱ፤ ለጁሙዓ መውጣት ሲያስፈልጋችሁ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ። እንድትዋሹ ከተጠየቃችሁ ደግሞ ያ ቢሮ የእናንተ ቦታ አይደለም፤ ውጡ።

ጠበቆች ሆይ! የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ልጁ ሊማር መጣ ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ስታሯሩጡት ቢያንስ ትራንስፖርቱንና ምሳውን አስቡለት። ፎቶ ኮፒ ብቻ እያስነሳችሁም አትመልሱት።

እኛም የመስጂድ ሰዎች! ከእንግዲህ በፊታችን የሚደረግ የገንዘብ ስምምነት ያለ ወረቀት አይለፍ። ማን፣ ስንት፣ መቼ፣ ትርፉ በስንት፣ ኪሳራው በማን፤ ይጻፍና ይፈረም። ከበድ ካለ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይየው።

ያን ልጅ አባቱ ሱቅ ድረስ ሄጄ ዐውፍ እንዲለኝ ጠየቅኩት። "ኡስታዝ፣ ለኸይር ብለው ነው" አለኝ። እውነቱን ግን ነገርኩት፦ ለኸይር ብቻ አልነበረም፤ አስተማሪ ስለጎደለኝም ጭምር ነበር። ዝም አለ፤ ከዚያ ሳቀና ዐውፍ አለኝ። የአምናው ቦታ ለሌላ ተሰጥቶ አምልጦታል። ዘንድሮ እንደገና አመልክቶ ተቀብለውታል፤ ከሁለቱ አንዱ እሱ ነው። የልጆቹን ቂርአት ቅዳሜና እሁድ ሊያግዘኝ ቃል ገብቷል። ይህችንም በወረቀት ጻፍናት።

አላህ ልጆቻችንን የሐቅ ጠበቆች ያድርጋቸው። እኛንም ከምላሳችን ጥፋት ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።