ከካንሰር በፊት ያለው እባጭ፦ የአንጀት ምርመራ ጥናቶች ለሠራተኛው ምን ይነግሩታል?

በሳዑዲ ወንዶች ላይ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች በቀዳሚነት የሚጠቀሰው የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ነው። በሽታው ግን በአብዛኛው የሚነሣው በአንጀት ግድግዳ ላይ ከምትበቅል ትንሽ እባጭ ሲሆን፣ እርሷም ወደ ካንሰር እስክትለወጥ አሥር ዓመት ገደማ ሊፈጅ ይችላል።

በጅዳ አል-ባላድና በአካባቢው የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ከሐኪም አፍ «ላህሚያ» የሚል ቃል ሲሰማ ሊደነግጥ ይችላል። ቃሉ «ላህም» ከሚለው፣ ማለትም ከሥጋ የተገኘ ሲሆን ትርፍ ሥጋን እንጂ ካንሰርን አያመለክትም። «ባዋሲር» የሚባለው ደግሞ ኪንታሮት ነው። ሁለቱም ደም ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ሳይመረመሩ «ኪንታሮት ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው።

በ2012 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ እባጩ በወቅቱ የተወገደላቸው ሰዎች በዚህ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሚጠበቀው በ53 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በ2022 በፖላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን ከ84 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት ውጤት ግን ብዙዎችን አነጋግሯል፤ ለኮሎኖስኮፒ በተጋበዙት ላይ በአሥር ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የቀነሰው በ18 በመቶ ብቻ ነበር፤ በሞት ረገድም ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህን የምርመራው ውድቀት አድርጎ ማንበብ ስሕተት ይመስለናል። ከተጋበዙት መካከል የተመረመሩት 42 በመቶ ብቻ ነበሩና፤ ሁሉም ቢመረመሩ ኖሮ የካንሰሩ መጠን በ31 በመቶ ይቀንስ እንደነበር ተመራማሪዎቹ ገምተዋል።

የማስወገጃው ዘዴም ተሻሽሏል። በታይዋን ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2023 የታተመ ጥናት፣ ትናንሽ እባጮችን በኤሌክትሪክ ሳያቃጥሉ በቀጭን የሽቦ ቀለበት መቁረጥ፣ ዘግይቶ የሚመጣን መድማት ከ1.5 ወደ 0.4 በመቶ እንደሚያወርድ አረጋግጧል።

ለሠራተኛው ዋናው እንቅፋት ጊዜ ነው። አንጀትን ለማጽዳት አንድ ቀን፣ ለምርመራው ሌላ ቀን ያስፈልጋል፤ ማደንዘዣ ስለሚሰጥም አብሮ የሚመለስ ሰው ይሻል። ምልክት የሌለውና ዕድሜው 45 የሞላ ሰው በሰገራ ውስጥ የተሰወረ ደምን በሚለየው ቀላል ምርመራ መጀመር ይችላል። ደም ከተገኘ ግን ኮሎኖስኮፒው አይቀርም። እባጭ የተወገደለት ሰው የላቦራቶሪውን ውጤት በእጁ ይያዝ፤ ወደ አገሩ ቢመለስ ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሚሆን ሐኪሙ የሚወስነው በእባጩ ዓይነት፣ ቁጥርና መጠን ነው።