ያልተወራረደ ሒሳብ

የቤቨርሊ ሉዊስን ልብ ወለዶች ተከትለው የተሠሩት የአሚሽ ፊልሞች ሦስት ናቸው። የመጨረሻው «ዘ ሬክኒንግ» ይባላል፤ ሒሳብ የሚወራረድበት ቀን እንደማለት። ችግሩ ዋናው ሒሳብ አለመወራረዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሆልማርክ ቻናል የታየው የመጀመሪያው ፊልም ከባድ ጥያቄ አንስቶ ነበር። በፔንስልቬንያ፣ ላንካስተር ያደገችው ኬቲ ላፕ የማደጎ ልጅ መሆኗን ትሰማለች። ከቤተ ክርስቲያኑ መሪ ጋር ልትጋባ በተሰናዳው ሠርግ ላይ ሙሽራውን ጥላ ትሄዳለች። ማኅበረሰቡም ያገልላታል።

አሚሾች የሚጠመቁት ካደጉ በኋላ፣ ወደውና ፈቅደው ነው። ሳይጠመቅ የወጣ ወጣት አይገለልም፤ ተጠምቆ ቃሉን ያፈረሰ ግን ከቤተሰቡ ጋር እንኳ በአንድ ማዕድ አይቀርብም። ንስሐ ገብቶ ሲመለስ ይቀበሉታል። እንግዲህ ማግለሉ ዝም ብሎ ጭካኔ አይደለም፤ ከነሕጉ ነው። ቃል የማያስከብር ማኅበር አይጸናም የሚሉት እውነት አላቸው።

ኬቲ ግን ቃል የገባችው ማን እንደሆነች ሳታውቅ ነው። እውነቱን የደበቁት ደግሞ ያሳደጓት ናቸው። ታዲያ ያ ቃል ያስራታል? ንስሐ መግባት ያለበትስ ማን ነው?

መደምደሚያው ይህን ትቶ «ጀስቲን ወይስ ዳንኤል?» ወደሚል ምርጫ ያጋድላል። የፍቅር ፊልም ነውና ፍቅር መኖሩ አያስከፋም። ሆኖም ጥሩ ባል ማግኘት ለተዘጋ የእናት ቤት መልስ አይሆንም። ሦስት ፊልም ሙሉ የጠበቅነው የሠርጉን ቀን ሳይሆን፣ ያ በር እንዴት እንደሚከፈት ነበር።