ውኃው አስቀድሞ ለሕሙማኑ ይድረስ

የላስታ ሰው እጁን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም። ይኸው ሰው ታማሚ ሊጠይቅ ሆስፒታል ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዘመዱን ግንባር ይዳስሳል፣ ትራሱን ያቃናል፣ የአልጋውን ብረት ተደግፎ ያወጋል፤ ሲወጣ ደግሞ አጠገብ የተኛውን “እግዜር ይማርህ” ብሎ ሳይጨብጥ አያልፍም። ደግነት ነው። ነገር ግን አሲኔቶባክተር የሚባለው ባክቴሪያ በዚያ ደረቅ ብረት ላይ ለሳምንታት መቆየት ይችላል። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሻገረውም ባመዛኙ በእጅ ነው፤ በሐኪም፣ በነርስ፣ በአስታማሚ እጅ።

አሲኔቶባክተርም ሆነ ክሌብሲየላ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ዛሬ በብዙ የአገራችን ሆስፒታሎች መድኃኒት ተላምደዋል። ዘወትር የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን ብዙ ጊዜ አይበግራቸውም። ቀጥሎ የሚታሰበው ሜሮፔኔም ውድ ነው፤ እሱንም የተላመዱ አሉ። መድኃኒቱ ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል፤ የተረፈው የመቋቋም ችሎታውን ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ጭምር ያካፍላል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ጥናት በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ከሕዝብ ቁጥር አንጻር ከሁሉ የከፋ ሆኖ የተገኘው ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነው።

ለእኛ ደግሞ ጦርነቱ ተጨምሮበታል። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ፣ በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ዕቃቸው ተሰባብሯል። የላብራቶሪ ዕቃ ሲጠፋ የሚጠፋው ብረትና መስታወት ብቻ አይደለም። ከቁስል የተወሰደ ናሙና ተመርምሮ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ካልታወቀ፣ ሐኪሙ በግምት ያዛል። ግምቱ ካልሰመረ በሽተኛው ይጎዳል፣ የተላመደው ባክቴሪያም ቦታ ይሰፋለታል።

ጥፋቱን ሁሉ ኪኒኑን ሳይጨርስ ባቋረጠ ገበሬ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ባክቴሪያው በእጅ የሚሻገር ሆኖ ሳለ፣ ቧንቧው በደረቀበት ክፍል ግድግዳ ላይ “እጅዎን ይታጠቡ” ብሎ መለጠፍ ቀልድ ነው። የላሊበላን የውኃ ችግር ለነዋሪዋ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪ ለከተማ አስተዳደሩና ለውኃ አገልግሎቱ ነው፦ ውኃ በወረፋ በሚታደልበት ቀን የወረፋው መጀመሪያ የሕሙማን ክፍል፣ የማዋለጃና የቀዶ ሕክምና ክፍል ይሁን። ከሆቴሎቹ በፊት፣ በገና ሰሞንም ቢሆን።

የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ ክልክል መሆኑን እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። “ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጠኝ” ያለውን ደንበኛ ባዶ እጁን መሸኘት ይከብዳል፤ ጎረቤት ነዋ። ግን ሸኙት። የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ ሊነሰንስ የሚገዛውን ደግሞ ዱቄቱ እንደማያድነው ነግራችሁ፣ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና ሳሙና እንዲያጥብ፣ ካመረቀዘም ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ምከሩት። ለበግና ለላም የሚሸጠው ኦክሲቴትራሳይክሊንም ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ከመደርደሪያው አይውረድ።

አባቶች ካህናት፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ቃል ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲናገሩ፣ ብዙ ሰው ከጭንቀት ወጥቷል። ጸበል ልግባ ብሎ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ወደ ደጃችሁ ሲመጣ ይህንኑ ንገሩት፤ ከሐኪም ቀድሞ የሚሰማው እናንተን ነው።

የቀረው የቅሬው፣ የእድራችን ነው። ለሞተ ድንኳን የምንተክል፣ ንፍሮ የምንቀቅል ሰዎች ለተኛው ሳሙና ማዋጣት አያቅተንም። ጠያቂ ለአንድ በሽተኛ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ያለበት ቤቱ እንዲቆይ፣ የገባውም ሲገባና ሲወጣ እንዲታጠብ ቅሬው ራሱ ደንብ ያውጣ፤ የጥበቃ ሠራተኛ ከሚከለክለን ይልቅ የቅሬ ዳኛ ሲያዝ እንሰማለን። ታኅሣሥ ሳይገባ፣ እንግዳው ሳይበዛ፣ የቅሬ ዳኞች ወደ ላሊበላ ሆስፒታል ሄዳችሁ በቀን ስንት ጀሪካን ውኃና ስንት ሳሙና እንደሚጎድል ጠይቁ፤ መልሱን ይዛችሁም ቦቴ ካለው ሰው ጋር በዚያው ሳምንት ተነጋገሩ።