ትኬት የማይቆረጥለት ተሳፋሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው የዓባይ በረሃ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ወንበር የማይሰጠው፣ ትኬትም የማይቆረጥለት አንድ ተሳፋሪ አለ፤ በእናቱ ጭን ላይ የታቀፈው ሕፃን። ስለማይከፍል አይቆጠርም፤ ስለማይቆጠርም ስለ ደኅንነቱ የሚጠይቅለት የለም።

«ከእናት እቅፍ የበለጠ ምን መጠበቂያ ይገኛል?» የሚል አይጠፋም። ይህ ለቤት እውነት ነው፤ ለመኪና ግን አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 7 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት 140 ኪሎ ያህል ሆኖ ከእናቱ ክንድ ይነጠቃል። የእናት ፍቅር ወሰን የለውም፤ የክንዷ ጉልበት ግን ወሰን አለው። ጎጃም ለዘመናት ልጁን ያዘለበት አንቀልባም ለእግር መንገድ እንጂ ለግጭት አልተሠራም።

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጠፈርተኞችን አቀማመጥ ተመልክቶ፣ ሕፃኑ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ የሚቀመጥበትን ወንበር አበጀ። የአራስ ራስ ከቁመቱ ሩብ ያህል ነው፤ የአንገቱም አጥንት ገና አልጠናም። ወደ ፊት የዞረ ሕፃን መኪናው ሲጋጭ አንገቱ የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል፤ ወደ ኋላ የዞረውን ግን መደገፊያው ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድነት ይቀበልለታል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዳሰላው፣ የሕፃን ወንበር በቤት መኪና የሚጓዙ ከ1 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሞት አደጋ በ71 በመቶ ይቀንሳል።

እንግዲህ ይህ የባለጸጋ አገር ቅንጦት ነውን? የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው ወደ 27 የሚጠጋ በመንገድ አደጋ እንደሞተ ገምቷል። መኪና የሌለውን የጎዛምን ገበሬ ወንበር ግዛ ማለት ፌዝ ነው። ለ40 ወይም ለ80 ቀን ክርስትና አራሱን በራሱ መኪና ወደ ዘመዶቹ የሚወስደው የተማረ ከተሜ ግን ምን ምክንያት አለው? የመኪናውን ጎማ በጊዜው የሚቀይር ሰው ለልጁ ወንበር መግዛት ለምን ይከብደዋል?

በሚኒባስ ደግሞ አራስ የያዘችን እናት «ጋቢና ትግባ» ብለን ስናከብራት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አክብሮታችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕፃኑን ከመስታወቱ ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል። ኋላ ወንበር ይሻለዋል። የሕፃኑን ወንበርም ቢሆን ኤር ባግ ባለው የፊት መቀመጫ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ማሰር ለሞት መዳረግ ነው።

ከመንግሥት የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የሕፃን ወንበር ከቀረጥ ነፃ ይግባ፤ እናቶችን ከነአራሶቻቸው የሚያጓጉዙ የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ወንበሩን ይያዙ፤ የሹፌሩን ቀበቶ የሚመለከተው ትራፊክ ፖሊስም ዓይኑን ወደ ኋላ ወንበር ይወርውር። ልጆቿን ተሳፋሪ ብላ ያልቆጠረች አገር፣ ነገ ሟች ብላ ልትቆጥራቸው አይገባም።