ከማን እንቅዳ? በመቀሌ ስለ ካታሎግ ሥራና ስለ ባለሙያዎቹ ሥልጠና የቀረበ ምላሽ

በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሥልጠና በታቀደ ቁጥር የሚነሣ አንድ ሐሳብ አለ። ካታሎግ ማድረግ ያለቀለት ሥራ ነው ይላል። መጽሐፉ ሲመጣ የካታሎግ ሶፍትዌሩ ኮሃ ይከፈታል፤ አይኤስቢኤኑ ይገባል፤ በዜድ 39.50 በኩል የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው መዝገብ ይወርዳል፤ የመደርደሪያ ቁጥሩ ይለጠፋል፤ አለቀ። ስለዚህ ያለችው የሥልጠና ገንዘብ ለኤሌክትሮኒክ ጆርናሎች፣ ለዲጂታል ማከማቻና ለተማሪዎች የመረጃ አጠቃቀም ትምህርት ትዋል፤ ካታሎገሩ መተየብ ከቻለ ይበቃዋል። ነገሩ ስለ መቀሌ ሲሆን ደግሞ ሌላ ምክንያት ይታከልበታል፤ ከጦርነት የወጣ ተቋም በመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ይፈልጋል እንጂ የካታሎግ ሕግ የሚማርበት ጊዜ የለውም ይባላል።

ይህን የሚሉት ለቤተ መጻሕፍት የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው፤ ከሚሉትም ግማሹ እውነት ነው። በእንግሊዝኛ የታተመ የፋርማኮሎጂ ወይም የሲቪል ምሕንድስና መማሪያ ሌላ ቦታ በሚገባ የተሠራ መዝገብ እያለው በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዓይደር ወይም እንዳየሱስ ካምፓስ ውስጥ እንደ አዲስ መጻፍ የሰው ጉልበት ማባከን ነው። ኮሃም እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ኒውዚላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፣ ለእኛም ስጦታ ሆኖልናል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1966 ናይሮቢ ላይ የከፈተው ቢሮ የኢትዮጵያን ኅትመቶች ጭምር እየሰበሰበ ይመዘግባል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው «መቅዳት ይቻላል» ከሚለው ተነሥቶ «ማወቅ አያስፈልግም» ወደሚለው የሚደረገውን ዝላይ ነው። መቅዳት የሚቻለው ከእኛ በፊት መጽሐፉን ያየ፣ ያነበበና በትክክል የገለጸ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። መቀሌ ውስጥ ካሉት መጻሕፍትና ጥናቶች ተማሪው ሌላ ቦታ የማያገኛቸው እነዚያ ቀድሞ የገለጻቸው ሰው የሌላቸው ናቸው።

በአንድ መጽሐፍ ላስረዳ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ትግራይ ውስጥ በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1919፣ በእኛ 1911 ዓ.ም.፣ ገና በጎልማሳነታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ሥራቸው ከሞቱ በኋላ አዲስ አበባ ላይ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። በመቀሌ ስለ ኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ሊያገኘው የሚገባ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ካታሎገሩ ፊት እናስቀምጠው።

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱ። የኮምፒውተር መዝገቡ ቅርጽ ማርክ 21 ዓመትን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይጠብቃል። «1916» ብሎ የሚያስገባ ሰው መጽሐፉን ደራሲው ከመሞታቸው ሦስት ዓመት በፊት አሳተመው ማለት ነው፤ ከሞት በኋላ የወጣው ሥራ በሕይወት እያሉ የወጣ ይሆናል። የካታሎግ ሕጉ መጽሐፉ ላይ ያለውን እንዳለ ጽፈህ ከጎኑ በቅንፍ 1923 ወይም 1924 በል ይላል። ምክንያቱም ዓመታችን መስከረም ላይ ስለሚገባ፣ የታተመበት ወር ካልታወቀ ልዩነቱ ሰባትም ስምንትም ሊሆን ይችላል። ይህን ለማድረግ ሕጉን ማወቅ፣ ሕጉ ለምን እንደተጻፈ መረዳትም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ስሙ። «ገብረ ሕይወት» ሁለት ቃል ቢሆንም አንድ ስም ነው፤ ባይከዳኝ አባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። የፈረንጅ ልማድ የሚከተል መዝገብ የመጨረሻውን ቃል ወደ ፊት አምጥቶ «ባይከዳኝ፣ ገብረ ሕይወት» ይላል፤ ክፍተት ባየበት ስም የሚቆርጥ ሰው ደግሞ ሕይወትን የገብረ አባት ያደርገዋል። በትግርኛ ከታተሙ ቀደምት መጻሕፍት አንዱን፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ሮም ላይ የወጣውን የጉዞ ማስታወሻ የጻፉት ፍስሓ ጊዮርጊስ ዓቢየዝጊም በዚህ መንገድ «የጊዮርጊስ ልጅ» ሆነው ይቀራሉ። ሕጉ ይህን መፍታት አይሳነውም፤ እንደ እኛው የአባት ስም የሚጠቀሙት አይስላንዳውያን በራሳቸው ስም እንዲገቡ የቀድሞው ሕግ ለብቻው አንቀጽ ነበረው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ሀዲስ ዓለማየሁን ሳይገለብጥ ነው የሚመዘግበው። ችግሩ የተገለበጠውን መዝገብ ከሌላ ቦታ አውርዶ፣ የተገለበጠ መሆኑን ሳያይ የሚያስገባው እጅ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ርእሱን ብቻ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ከሕዝብ አስተዳደር፣ ከዲዊ ምደባ 351 ያኖረዋል። መጽሐፉ ግን ስለ ሥራ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብና አንድ ሀገር ለምን እንደሚደኸይ የሚናገር የኢኮኖሚ መጽሐፍ ነው፤ ቦታው 330.963 ነው። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ርእስ ይህን አውቆ «ኢኮኖሚ» የሚለውን ቃል አስገብቷል። ትርጉሙ ከምጣኔ ሀብት፣ ዋናው ከአስተዳደር ቢደረደሩ ሁለቱን አንድ ሥራ ናቸው ብሎ ለተማሪው የሚነግረው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን የካታሎግ ሕግ ኤኤሲአር 2ን የተካው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መጋቢት 2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያዋለው አርዲኤ በዋናነት የመጣው ለዚህ ነው። አሮጌው ካርድ አንድ መጽሐፍ ይገልጽ ነበር፤ አዲሱ ሕግ አንድን ሥራ ከትርጉሞቹ፣ ከእትሞቹና ከሰዎቹ ጋር ያስተሳስራል። ስለዚህ የሕግ ለውጡን «የሀብታም ቤተ መጻሕፍት ፋሽን» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ከእኛ መጻሕፍት የበለጠ ዝምድናቸው የተበጠሰ መጻሕፍት ያሉ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ መቀሌ ከሌላው ከተማ ሁሉ ትለያለች። የከተማዋን ስም በአማርኛ «መቀሌ» እንጽፋለን፤ በትግርኛ «መቐለ» ነው። ሕጉ የኅትመት ቦታን መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈ ቅዳ ስለሚል ሁለቱም በካታሎጉ ይገባሉ፤ «መቀሌ ዩኒቨርሲቲ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ «መቐለ» ተብሎ የገባውን አያይም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የስም መዝገብ በሰው እጅ ካልተሠራ በቀር። ይህ ቀላሉ ነው። አማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ፣ ፍለጋው እንዲቀና ሦስቱን እንደ አንድ ቁጠር ብሎ ኮሃን ማዘዝ ይቻላል፤ ለአማርኛ ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ይህንኑ ደንብ ግን በትግርኛ ላይ ብትጭኑት ቋንቋውን ታፈርሱታላችሁ። በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ የተለያየ ድምፅ ናቸው፤ «ሃረመ» መታ ማለት ሲሆን «ሓረመ» ተወ፣ ታቀበ ማለት ነው። በአንጻሩ ጸ እና ፀ በትግርኛም አንድ ናቸው፤ ትግራይ ውስጥ ፀ፣ ኤርትራ ውስጥ ጸ ይዘወተራል፤ ስለዚህ እነርሱን ማመሳሰል ይገባል። አንድ መደርደሪያ ላይ የአዲስ አበባ አማርኛ፣ የመቀሌ ትግርኛና የአስመራ ትግርኛ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ለሦስቱም የሚሆን ደንብ የሚቀርጽ ሰው ሁለቱን ቋንቋዎች የሚሰማ ካታሎገር መሆን አለበት። ይህን ከዋሽንግተን ማውረድ አይቻልም።

የሚወርደው መዝገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ነው። ማርክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲወለድ የግዕዝ ፊደልን አያውቅም ነበር፤ የኮምፒውተር ፊደላት መስፈርቱ ዩኒኮድ የተቀበለን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ መሐል የኖሩት መዝገቦች «ፍቅር»ን ሳድሱን በላቲኗ ኢ፣ «ቀ»ን በኪው አድርገው በነጥብና በጭረት ጽፈውታል። ተማሪው ግን በኬ እና በአይ ይተይባል፤ አያገኘውም፤ «የለም» ብሎ ይወጣል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው።

«ታዲያ ዛሬ ማን ካታሎግ ይከፍታል? ሁሉም በጉግል ይፈልጋል» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጉግል የሚያገኘው ማሽኑ ያነበበውን ጽሑፍ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የታተመ የትግርኛ ልቦለድ፣ በስቴንስል የተባዛ የሴሚናር ጽሑፍ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው የማስተርስ ጥናት ውስጡ በማሽን አልተነበበም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች በብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ሲያዝ፣ እነዚያን ጥናቶች እንዲገኙ የሚያደርጋቸው ደራሲ፣ ርእሰ ጉዳይና ቦታ በትክክል የሚሞላ እጅ ነው። ለዲጂታል ማከማቻ እንሠልጥን የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች የናቁትን ሙያ በሌላ ስሙ እየጠየቁ መሆኑን ልብ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል።

ሌላም ነገር ይቆጨኛል። ብራና ሲሆን ሁላችንም ካታሎግ ማድረግ የሊቅ ሥራ መሆኑን እናምናለን። ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ማይክሮፊልም መግለጻቸው ከታላላቅ ሊቃውንት ተርታ አሰለፋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የማካርተር ሽልማት አገኙ። የትግራይን አድባራት ብራናዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዲጂታል ያነሣውና የገለጸው ኢትዮ-ስፔር የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ ነበር። ብራናው ወደ ወረቀት፣ የቁም ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ሲዞር ግን ያው ሥራ የጸሐፊ ተራ ሥራ ይሆናል። ለምን? መጽሐፉን መለየት፣ ደራሲውን ማረጋገጥ፣ ርእሰ ጉዳዩን ማወቅ በሁለቱም አንድ ነው። ሳንፎርድ በርማን የተባለ አሜሪካዊ ካታሎገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዛምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ ከሀገሩ የመጣው የርእሰ ጉዳይ ዝርዝር አፍሪካውያንን የሚጠራበት ቃል እዚያው ላሉ ሰዎች ስድብ መሆኑን ተረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 መጽሐፍ ጽፎ ዝርዝሩን ሞገተ። ስድቡን ያየው እዚያው ሉሳካ ስለነበረ ነው።

የጦርነቱን ነገር ሳልመልስ አላልፍም። የትግራዩ ጦርነት ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ታኅሣሥ 6 ቀን፣ አዲሱ የአርዲኤ እትም ይፋ ሆነ። የሌላው ዓለም ካታሎገሮች በሚማሩበት ጊዜ የመቀሌዎቹ ሌላ ነገር ላይ ነበሩ። ከሰኔ 2013 በኋላ ስልኩም ባንኩም ኢንተርኔቱም ተዘግቶ ቆየ፤ ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 አልተፈረመም። በመቅዳት ብቻ የሠለጠነ ካታሎገር መስመሩ ሲቋረጥ ሙያው አብሮ ይቋረጣል፤ ሕጉን በልቡ የያዘ ግን በወረቀትም በእርሳስም ይሠራል፤ መብራት ሲመጣ ይገለብጠዋል። ስለዚህ «ከጦርነት የወጣ ተቋም» የሚለው ምክንያት ለእኔ ወደ ተቃራኒው ያመዝናል።

ምን ዓይነት ሥልጠና? ሆቴል ውስጥ ለሦስት ቀን በስላይድ የሚሰጥ፣ በአበልና በሰርተፊኬት የሚያበቃ ዐውደ ጥናት አይደለም የምለው። የቤተ ክርስቲያኑን ጉባኤ ቤት ሥርዓት እናስታውስ፤ ተማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ ያነብባል፣ መምህሩ «አንድም» እያለ ይፈታል፣ ምክንያቱ በጉባኤው ፊት ይነገራል። ግንቦት 1992 ዓ.ም. ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው የተመሠረተው መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶቹ የተራራቁ ናቸው፤ የእንዳየሱስ፣ የዓዲ ሓቂና የዓይደር ካታሎገሮች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሥራ ሰዓት፣ ያስቸገሯቸውን መጻሕፍት ይዘው ቢገናኙ፣ የደረሱበትን ከነምክንያቱ በአንድ የውሳኔ መዝገብ ቢጽፉ፣ በዓመቱ የትኛውም አሠልጣኝ ይዞ የማይመጣው መመሪያ በእጃቸው ይሆናል። ከአክሱም፣ ከዓዲግራትና ከራያ ዩኒቨርሲቲዎች ባልደረቦችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ወጪው ከሚባለው ያነሰ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የካታሎገሮች ማሠልጠኛ፣ የማርክ 21 ሰነዶችና የራሱ የምደባ ሠንጠረዦች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የሚከፈልባቸው የአርዲኤ መሣሪያና ዌብዲዊ ናቸው፤ እነርሱን ለየብቻ ከመግዛት በኢትዮጵያ የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኮንሰርሺየም በኩል በጋራ መደራደር ይሻላል። እስከዚያው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው 23ኛው የዲዊ እትም ለትግርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.83፣ ለአማርኛ 892.87 ሰጥቶ ለብዙ ሥራ ይበቃል።

የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳም ዝግጁ ነው፤ የራሱ የዩኒቨርሲቲው ስም በካታሎጉ በየትኛው አጻጻፍ ይግባ፣ ከየትኛውስ ይመራ፣ «መቐለ» ወይስ «መቀሌ»?